ለፍትሕ ያወጣነው ገንዘብ ምን ለወጠ?

በዚህ ዕትም መልስ የምሰጥባቸው አራት ደብዳቤዎች ከማይተዋወቁ ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ሳነባቸው ግን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚከራከሩ መሰሉኝ። የምእመናን ገንዘብ ለማኅበራዊ ፍትሕ ሥራ ሲወጣ እንዴት ይሰብሰብ፣ በምንስ ይለካ ነው የሁሉም ነገር። አስቀድሜ ልናገር፦ ሰባኪ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ የሰው ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ ኦዲተር ነኝ፤ አሁንም የአምልኮ ቤቶችን መዝገብ በነጻ አያለሁ፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም። የማውቀው መዝገብ ነው፤ ከዚያ ካለፍኩ መልሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጉባኤያችን የማኅበራዊ ፍትሕ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ገንዘባችን የሚመጣው በልዩ መዋጮ ነው። ሰባኪው ልብ የሚነካ ነገር በተናገረ ቀን ሙዳዩ ይሞላል፤ በሌላ ቀን ባዶውን ይመለሳል። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ይህን ያህል ሰው ረዳን፣ ይህን ያህል ገንዘብ አወጣን እያልኩ ሪፖርት አነባለሁ። ባለፈው አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «የምንረዳቸው ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ነው የሚነበበው፤ ይሄ ሥራችን ስለተሳካ ነው ወይስ ስላልተሳካ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ገንዘቡን በምን መንገድ ብናሰባስበው ይሻላል? ሥራችንስ በምን ይለካል? — ገንዘብ ያዧ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ወጣት ኮሚቴው ውስጥ አስገቡት። ብዙ ኦዲተር ዕድሜውን ሙሉ የማይጠይቀውን ነው የጠየቀው።

የችግረኛን የዕለት ጉድለት መሙላትም፣ ችግረኛ ያደረገውን ነገር መለወጥም የጉባኤ ሥራ ነው፤ ግን በአንድ ዓምድ አይጻፉም። የመጀመሪያው ቁጥር ሲጨምር ለብዙ ሰው ደረሳችሁ ማለት ነው። የሁለተኛው ቁጥር ግን ውሎ አድሮ መቀነስ አለበት። ያለ አግባብ ከቤት የሚባረሩ ተከራዮችን ስትረዱ ከርማችሁ፣ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ያህል ተባራሪ በራችሁ ላይ ከተሰለፈ፣ ደግነታችሁ አልጎደለም፤ ያባረራቸው ነገር ግን እንዳለ ነው። የእናንተ ሪፖርት ሁለቱን ደምሮ ስለሚያነብ ነው ወጣቱ ግራ የገባው።

ከገንዘቡ ልጀምር። በስብከት ልክ የሚሞላና የሚጎድል ሙዳይ የተራበ ለማብላት ይበቃ ይሆናል። የፍትሕ ጉዳይ ግን ረጅም ነው፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጣል፣ ጠበቃ ይከፈለዋል፣ ደንብ የሚያወጣው አካል ዘንድ ብዙ ምልልስ አለ። በሦስተኛው ወር በሚነጥፍ ገንዘብ የተጀመረ ክስ ካልተጀመረው ይብሳል፤ ሰዎቹን ከአከራያቸው ወይም ከአሠሪያቸው ጋር አጣልቶ ሜዳ ላይ ይተዋቸዋል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ በመዝገቡ ላይ «ፕሮጀክቱ ተጠናቀቀ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ስለዚህ ሥራው በመደበኛው በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። መቶኛው ትንሽ ይሁን ግድ የለም፤ ብቻ የመብራትና የውሃ ክፍያ እንደማይዘለል አይዘለል። ልዩ መዋጮው በዚያ ላይ የሚጨመር ይሁን።

አባላት ፈርመው በየወሩ የሚከፍሉት መዋጮም አለ። ለዚህ ሁልጊዜ የማነሣው የፊላደልፊያውን ፓስተር ሊዮን ሱሊቫንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በሚያገለግልበት በጽዮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆሞ፣ አባላቱ በወር 10 ዶላር ለ36 ወር እንዲያዋጡ ጠየቀ። ዕቅዱ «10-36» ተባለ። የፈለገው 50 ሰው ነበር፤ ከ200 በላይ ተመዘገበለት። ጥቁር አሜሪካውያን በቆዳቸው ቀለም የተነሣ ሥራና ብድር የሚነፈጉበት ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 ወራት ክፍያ ለበጎ አድራጎት፣ የቀሪዎቹ 20 ወራት ደግሞ አባላቱ ባለ ድርሻ ለሚሆኑበት ኩባንያ ተመደበ። ከዚያ የመኖሪያ ቤቶች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ፕሮግረስ ፕላዛ የተባለው የገበያ ማዕከል ተከፈተ።

የገንዘቡ መጠን አይደለም የሚገርመኝ። ሰጪው ስንት እንደሚሰጥ፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ክፍያው የት እንደሚገባ ገና ሳይፈርም አውቆታል። መጨረሻው የታወቀ መዋጮን ሰው አይሸሽም። ማለቂያ የሌለውን ግን ሀብታሙም ይሸሸዋል።

አንዳንድ ጉባኤዎች ደግሞ በወር የአንድ ቀን መባቸውን እንዳለ ለሌላ ድርጅት ያስረክባሉ። ጥሩ ነው፤ ጉባኤው ለራሱ ጣሪያ ብቻ እንደማይለምን ያሳያል። የምሰጋው አንድ ነገር ነው፤ ቼኩ ሲወጣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ድርጅቱን አባላት ይምረጡት፤ ድርጅቱም ዓመት ሳይሞላ አንድ ሰው ልኮ በቃሉ ያስረዳ። መጥቶ ለመናገር የማይፈልግ ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ላይ አይኖርም፤ በቃ።

ለሥራ ማስኬጃ ከፈንዱ መውሰድ ነውር ነው የሚሉም ሰዎች ይገጥሙሻል። የዘካን ሕግ አንብቢላቸው። በቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋል፤ ከድሆችና ከችግረኞች ቀጥሎ በሦስተኛነት የተጠቀሱት በዘካው ሥራ ላይ የተሰማሩት ናቸው። ባርነት ውስጥ ያለውን ነጻ ማውጣትና ዕዳ የተጫነውን ሰው ማገዝም እዚያው ዝርዝር ላይ አሉ። ሠራተኛው በግልጽ ይከፈለው፤ ክፍያው በራሱ መስመር ይጻፍ። ነውሩ ክፍያውን በሌላ ወጪ ስም መደበቁ ነው።

ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያው ብቻ መዋል እንዳለበት ለአንቺ ለገንዘብ ያዧ አልነግርሽም፤ ከታች ለአንድ አባት ስመልስ ግን አነሣዋለሁ።

አሁን ወደ መለኪያው። እዚህም ሱሊቫን ይጠቅመኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 የመኪና አምራቹ የጄኔራል ሞተርስ የቦርድ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በአክሲዮን ባለቤትነቷ፣ ኩባንያው ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ እንዲወጣ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች፤ ሱሊቫን ከቦርዱ ተለይቶ ደገፋት። ሐሳቡ በድምፅ ወደቀ። (በነገራችን ላይ የጉባኤያችሁ መጠባበቂያ ገንዘብ የት እንደተቀመጠና ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እሱም የፍትሕ ሒሳብ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1977 ሱሊቫን በደቡብ አፍሪካ ለሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች በስሙ የሚጠሩ መርሆዎችን አወጣ፦ በመመገቢያውና በሥራ ቦታው ዘር አይለይ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ይከፈል፣ ጥቁሮች ይሠልጥኑ፣ ወደ ኃላፊነትም ይደጉ። የፈረሙት ኩባንያዎች በየዓመቱ ሪፖርት አቀረቡ፤ ውጤትም ተሰጣቸው። መለኪያ ነበረ፣ ሠንጠረዥ ነበረ፣ በብዙ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚታይ መሻሻልም ነበረ።

ከፋብሪካው በር ውጭ ግን አፓርታይድ አለ። ጥቁሩ ሠራተኛ እኩል ደመወዝ ተቀብሎ ሲወጣ ድምፅ መስጠት አይችልም፣ በፈለገው ሰፈር መኖር አይችልም። ሱሊቫን ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1985 የሁለት ዓመት ቀነ ገደብ በአደባባይ አስቀመጠ። ሁለት ዓመቱ ሞላ፤ ሥርዓቱ አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኩባንያዎቹ ጠቅልለው እንዲወጡ ጠራ። በራሱ ስም የሚጠራ፣ ዓለም ያወቀለትን መለኪያ «አልበቃም» ብሎ ተወው። እንዲህ ያለ ሰው በሒሳብ ሙያ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

እናንተም ለአንድ ሥራ ገንዘብ ከመፍቀዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ችግሩ የማን ነው? የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ አከራዩ፣ ምክር ቤቱ፣ አሠሪው ወይስ ፍርድ ቤቱ? በዓመቱ መጨረሻ ምን ብናይ ነገሩ ተንቀሳቅሷል እንላለን? ምን ካላየን ደግሞ እናቆማለን ወይም መንገድ እንቀይራለን? የመጨረሻዋን ማንም መጻፍ አይወድም። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከተጻፈች ግን ዋጋ የላትም፤ ያኔ ሁሉም ሰው የሆነውን ነገር ድሮም ያሰበው አድርጎ ይጽፈዋል።

ተከራዮቹን እንውሰድ። ስንት ሰው አማከራችሁ? ይህ ልፋታችሁ ነው፤ ይቆጠር፣ ግን ውጤት አይባልም። ካማከራችኋቸው መካከል ከስድስት ወር በኋላ ስትጠይቁ ስንቱ እዚያው ቤት አሉ? ይህ በሰዎቹ ኑሮ ላይ የመጣ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ማስወጣትን የሚፈቅደው ደንብስ ተነካ? ካልተቀየረ ለውይይት ቀረበ ወይ፣ የሚደግፉት ድምፆች ጨመሩ ወይ? ሦስቱን በሦስት መስመር አንብቢላቸው፤ አትደምሪያቸው።

ሥራው ሲጀመር ቁጥሩ ቢያሻቅብ አትደንግጪ። በደላቸውን የሚናገሩበት ቦታ ያጡ ሰዎች ቦታ ሲያገኙ ይመጣሉ፤ የጨመረው ተናጋሪው ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት አይቶ መፍረድ ስለዚህ አይሆንም። ደንቡ ሲቀየር ደግሞ «እኛ አስቀየርነው» ብላችሁ አትጻፉ። ሌሎችም ደክመውበታል፤ የሄዳችሁበትን፣ የከፈላችሁትንና የተናገራችሁትን አስፍሩ፣ አንባቢው ድርሻችሁን ራሱ ያያል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹን ጠይቋቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለሉ ነበር። ይህን ያወቀው ቆጣሪ ኮሚቴ አይደለም፤ ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያትም ጉርምርምታውን እንደ ዓመፅ አልቆጠሩትም፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ተመልከቺ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ እስከ ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው የመጣበት ወገን ማዕዱን ተረከበ ማለት ነው። በእናንተ ኮሚቴ ውስጥ ተከራይ አለ? ከቤት ተባሮ የሚያውቅ ሰው አለ? ከሌለ የምታነቢው ሪፖርት የሰጪዎች ሪፖርት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ ተብሎ ተጽፏል። አሁን ግን ልጆቹ ስንት ወጣ፣ ምን አመጣ እያሉ ጠረጴዛ ሙሉ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በነገሥት መጽሐፍ ቤተ መቅደሱን ያሳደሱት ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለ ነበር ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። መለካት አለመተማመን አይሆንም? — ከሽማግሌዎቹ አንዱ

መልስ፦ አባቴ፣ የጠቀሱት በትክክል አለ፤ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12። ጥቂት ከፍ ብለን አብረን እናንብበው። ንጉሥ ኢዮአስ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ ተቀብለው የፈረሰውን እንዲጠግኑ አዘዘ። በነገሠ በ23ኛው ዓመትም አልተጠገነም ነበር። ንጉሡ ማንንም ሌባ አላለም፤ አሠራሩን ነው የለወጠው። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለው፣ በመሠዊያው አጠገብም አኖረው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ይመጣሉ፤ ቆጥረው በከረጢት ያስሩታል። ከዚያ በሥራው ላይ ለተሾሙት ይሰጣል፤ እነሱም ለአናጢው፣ ለግንበኛው፣ ለእንጨቱና ለተጠረበው ድንጋይ ይከፍላሉ። ከዚያ ገንዘብ የብር ጽዋም፣ መለከትም፣ ሌላም የወርቅና የብር ዕቃ አልተሠራም ይላል።

እኔ ይህን ምዕራፍ ሳነብ የሙያዬ አባቶች ይታዩኛል። ቆጣሪው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከቤተ መቅደስ፣ ማለት አለቃቸው አንድ ያልሆነ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ተወስኗል፤ ጽዋ ቅዱስ ዕቃ ቢሆንም ለጥገና ከተሰጠው አይሠራም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ሠራተኛ ከፋዮቹ ያልተጠየቁት። ደግሞ የእነሱ ሥራ ግድግዳ ነው፤ መቆሙን አላፊ አግዳሚው ያያል። የፍትሕ ሥራ የሚታይ ግድግዳ የለውም። ልጆቹ ወረቀት የሚያበዙት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቢያሳጥሩት ግን እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

አለመተማመን ይሆናል ወይ ላሉት፣ ሐዋርያው ጳውሎስን የማይተማመን የለም እንበል። እሱ ግን ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ሲያስወስድ፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ምክንያቱን ይናገራል፤ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። የአይሁድ ሊቃውንትም ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው ለድሆች የሚሆነውን ሁለት ሆነው እንዲሰበስቡ፣ ሦስት ሆነው እንዲያከፋፍሉ ደንግገዋል። ለማከፋፈሉ ሦስት ያስፈለገው በገንዘብ ክርክር የሚፈርዱት ዳኞች ሦስት ስለሆኑ ነው፤ ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይቅር ማለት ፍርድ ነውና።

የሁለቱ እጆች ነገር፣ እንደሚገባኝ፣ ለሰጪው የተነገረ ነው። ሰጪው ይደበቅ፤ ገንዘብ ያዡ ግን መደበቅ የለበትም። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ማየት ከፈለጉ የሞንትጎመሪን ሴቶች ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1955 ጀምሮ የዚያች የአላባማ ከተማ ጥቁሮች፣ በአውቶቡስ ውስጥ ያለውን የዘር መድልዎ በመቃወም 381 ቀን ሳይሳፈሩ ቆዩ። ሕዝቡን ወደ ሥራ የሚያመላልሱ መኪናዎች ተገዙ፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ስምም ተመዘገቡ። ነዳጅ አለ፣ ጥገና አለ፣ መድን አለ። ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ሠሪ ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ ምግብ እየሠሩ ሸጡ፤ ማኅበራቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከየትም። የገዛውና የሰጠው ሰው ስም ቢታወቅ ከሥራ ሊባረር ይችል ነበርና። የተሰበሰበው መጠን ግን በሕዝቡ ስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነገር ነበር።

መለኪያቸውንም ይዩልኝ። መኪናዎቹ ስንት ሰው አመላለሱ የሚለው ሥራውን ለማስኬድ ያስፈልጋል፤ ትግሉ ግን በእሱ አልተመዘነም። መጀመሪያ ያቀረቡት ጥያቄ መጠነኛ ነበር፤ ሾፌሮች ሰውን በአክብሮት ይያዙ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጥ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው መስመሮች ጥቁር ሾፌሮች ይቀጠሩ። ያም ሲከለከል መድልዎውን ራሱን ከሰሱት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1956 ፈረደላቸው፣ በታኅሣሥም ተመልሰው ተሳፈሩ።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር አጥብቄ እይዛለሁ። የተረጂ ስምና ፎቶግራፍ ሪፖርት ላይ አይለጠፍ። ኦዲተር የሚያየው መዝገብ ሌላ ነው፣ ለጉባኤ የሚነበበው ሌላ። ልጆቹ ፎቶ ካመጡ የሚቆጧቸው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጉባኤያችን ለቀን ሠራተኞች መብት መሟገት ከጀመረ ወዲህ፣ ትልቅ መዋጮ የሚሰጡ አንድ ቤተሰብ «ይሄ ፖለቲካ ነው፤ ካላቆማችሁ መስጠት እናቆማለን» አሉን። ከበጀታችን ብዙው የሚመጣው ከእነሱ ነው። ምን ይመክሩናል? — የጉባኤው ጸሐፊ

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ብዙው ገቢያችሁ ከአንድ ቤት ከመጣ፣ የቀን ሠራተኞቹ ጉዳይ ባይኖርም አደጋ ላይ ናችሁ። ቤተሰቡ ቢታመም፣ ቢሄድ፣ ቢከስርስ? ስለዚህ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ከገንዘብ ያዣችሁ ጋር ተቀመጡና የእነሱ መዋጮ ነገ ቢቀር ስንት ወር እንደምትቆዩ፣ ምን እንደሚታጠፍ ጻፉ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ወደ እንዲህ ያለ ውይይት ሲገባ በፍርሃት ይስማማል።

ከዚያ ለቤተሰቡ መንገድ ክፈቱላቸው፤ ስጦታቸው ለሕንፃው ወይም ለሕፃናት ትምህርት ብቻ እንዲውል ሊወስኑ ይችላሉ፣ ይህ መብታቸው ነው። በሌላው መስመር ላይ ግን ድምፃቸው እንደ ማንኛውም አባል አንድ ነው።

ዋጋ አያስከፍልም አልልም። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ዘረኝነትን የሚዋጋ ፕሮግራም አቋቁሞ፣ በ1970 ከልዩ ፈንዱ ለ19 ድርጅቶች 200,000 ዶላር አከፋፈለ። ከተቀባዮቹ መካከል በደቡባዊ አፍሪካ መሣሪያ ያነሡ የነጻነት ንቅናቄዎች ነበሩ። ገንዘቡ ለሰብአዊ ዓላማ ነው ተባለ፤ አወጣጡን ግን ምክር ቤቱ እንደማይቆጣጠር በግልጽ አስታወቀ። ውግዘቱ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ለዚምባብዌ አርበኞች ግንባር ከተሰጠው ድጋፍ በኋላ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያኖች ድርጅት በምክር ቤቱ ያለውን አባልነት አገደ፤ በ1981 ጨርሶ ወጣ። ፕሮግራሙ ግን ቀጠለ።

እንደ ኦዲተር «አንቆጣጠርም» የሚለው ያሳክከኛል፤ እኔ ብሆን ደረሰኝ እጠይቅ ነበር። የማከብርላቸው ግን ሦስት ነገር አለ። ፈንዱ ከሌላው ገንዘብ ተለይቶ ነበር፣ ውሳኔው በሚመለከተው አካል ተወስኖ ተጽፏል፣ የማይቆጣጠሩትንም አስቀድመው ተናግረዋል። ጓዳ ውስጥ የተደረገ ነገር ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የሚተርፋቸው ወዳጅ አይኖርም ነበር። እናንተም የቀን ሠራተኞቹን ሥራ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኑት፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረምበት፤ ከቤተሰቡ ጋር የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስለ ሠራተኛ መብት እናስተምራለን፤ የጉባኤያችን የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ ግን ይዘገያል። ይህን በፍትሕ ሪፖርቱ ላይ ማንሣት ነገር መፈለግ ነው? — ስሜ ይቆይልኝ

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚጻፈው።

ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ከባሪያ ንግድ ጋር በመታገል የታወቁ ናቸው፤ የእንግሊዝ ኩዌከሮች እ.ኤ.አ. በ1783 ንግዱ እንዲቀር ለፓርላማ አቤቱታ አቀረቡ፣ ሕጉ በ1807 ወጣ። ከዚያ በፊት ግን በአሜሪካ ያሉት ከራሳቸው ጋር ዓመታት የፈጀ ክርክር ነበረባቸው፤ ባሪያ የሚገዙና የሚሸጡ አባላት በመካከላቸው ነበሩና። የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው ጨርሶ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1776 ነው። የሚጠቀሙበት መሣሪያ ቀላል ነበር። ለየአጥቢያው ጉባኤ ጥያቄዎች ይላካሉ፤ አጥቢያው ተሰብስቦ ራሱን መርምሮ በጽሑፍ ይመልሳል። አባሎቻችሁ ከዚህ ንግድ ንጹሓን ናቸው ወይ የሚለውም ከጥያቄዎቹ አንዱ ነበር። መልሱ በየጊዜው ስለሚጻፍ ካለፈው ጋር ይነጻጸራል፤ ማድበስበስ ይከብዳል።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በዓመቱ ውስጥ ስንቱ ደመወዝ በቀኑ ተከፈለ፣ ስንቱ ዘገየ፣ የዘገየው በስንት ቀን ነው? መልሱን ሒሳብ ክፍሉ ይጻፍ፣ ሠራተኞቹ አይተው ይፈርሙበት፤ ካልተስማሙም ልዩነታቸው ከሥሩ ይስፈር። ለመጠንቀቅ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፦ የተጠራቀመው ደመወዝ ሲከፈል ከፍትሕ ፈንዱ እንዳይወጣ። ዕዳ ነው፤ ከደመወዝ መስመር ይከፈል። እዚያ ገንዘብ ከሌለ ዓመታዊው ስብሰባ በጀቱን ያስተካክል፤ ምን እንደተቀነሰም በዚያው ቀን ይነበብ።